«ጉዳዩ የእኛ አይደለም» ላሉት ወንድሜ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በስልኬ ደረሰኝ። ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው የላኩልኝ። የጻፉት እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ወንድማችን ናቸው። አንብቤ ስጨርስ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከላኩልኝ አንዷ የልብ ጓደኛዬ ነች። «እውነታቸውን ነው እኮ» ብላ ጽፋበታለች። ዝም ያላልኩት በእሷ ምክንያት ነው።

ላላነበባችሁት ሐሳቡን ባጭሩ ልንገራችሁ። የከተማ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ተማሪዎች እኩል ዕድል እንዲያገኙ ብለው የሚያወጡት ገንዘብና ጊዜ ከንቱ ነው ይላሉ ጸሐፊው። ሕጉ በሩን ከከፈተ 70 ዓመት አልፎታል። ገንዘቡ እንደ ጎርፍ ፈሷል፣ ለውጥ ግን የለም። ልጆቹ ከትምህርት የሚታገዱት ስለሚያጠፉ ነው። ወላጆቻቸው ለትምህርት ደንታ የላቸውም፤ የሐበሻ ልጆች ጎበዝ መሆናቸው ለዚህ ማስረጃ ነው። ለእነሱ ሲባል መስፈርቱ ወርዷል። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛ አይደለም፣ አንግባበት።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ክፉ ሰው ግን አይመስሉኝም። ልጆቹን ለማሳደግ ሁለት ሥራ የሠራ ሰው ድካም ጽሑፋቸው ላይ ይታያል። ያን ድካም አውቀዋለሁ። እኔም ሁለት ልጆች በዚህች ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምሬያለሁ። ትልቋ ኮሌጅ ገብታለች፣ ትንሹ ሃይ ስኩል ነው። የወላጆች ስብሰባ ሲኖር እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እናቶች ስለማስተረጉም ብዙ ትምህርት ቤት ረግጫለሁ። ካየሁትና ካነበብኩት ተነሥቼ ልመልስላቸው።

«በሩ ከ1954 ጀምሮ ክፍት ነው» ካሉት ልጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዩ ስትሪትን የማያውቅ የዲሲ ሐበሻ የለም። ክትፎ የምንበላው፣ እንግዳ ከአገር ቤት ሲመጣ ይዘነው የምንሄደው እዚያ ነው። በ1940ዎቹ በዚሁ ጎዳና ጋርድነር ቢሾፕ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነበር። ልጁ የምትማርበት ብራውን የተባለው የጥቁሮች ጁኒየር ሃይ ስኩል ከአቅሙ በላይ ተጨናንቆ ተማሪዎቹ በፈረቃ ይማሩ ነበር። ፈረቃ ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያንገበግበው ሌላው ነገር ነው። በዚያው ከተማ፣ በነጮቹ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ባዶ ወንበር ነበር። ቢሾፕ በ1947 ወላጆችን አስተባበረና ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀሩ። በሴፕቴምበር 1950 ደግሞ 11 ጥቁር ልጆችን አስከትሎ ሱዛ ወደሚባል፣ ገና አዲስ ወደተሠራ የነጮች ትምህርት ቤት ሄደ። «ይመዝገቡልኝ» አለ። አይሆንም ተብለው ተመለሱ።

ክሱን ይዘው የተከራከሩት የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ከሆነው ከዲሲው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ጄምስ ናብሪት ናቸው። በአንደኛው ልጅ ስም «ቦሊንግ እና ሻርፕ» ተብሎ የሚጠራው ጉዳይ ይህ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተማሪዎችን በቀለም መለየትን የከለከለበት ዝነኛው የብራውን ውሳኔ በተሰጠበት በዚያው ቀን፣ ሜይ 17 ቀን 1954 ተወሰነ። ጸሐፊው «ሕጉ በሩን ከፈተ» ሲሉ፣ በሩን የገፋው መቀስ ይዞ ቆሞ የሚውል አባት መሆኑን ቢጨምሩበት ደስ ባለኝ።

ከዚያ በኋላስ? በሩ ክፍት ሆኖ ቆየ? ከ1954 በፊት፣ በ1930ዎቹ፣ የፌዴራል መንግሥት የቤት ብድር መሥሪያ ቤት የከተሞችን ካርታ ቀለም ቀብቶ ነበር። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ቀይ ተቀባ። ቀይ ማለት «እዚህ ብድር መስጠት አደጋ ነው» ማለት ነው። ብድር ያላገኘ ሰው ቤት አይገዛም። ቤት ያልገዛ ለልጁ የሚያወርሰው የለውም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ ትምህርት ቤት የሚተዳደረው ከቤትና ከመሬት በሚሰበሰብ ግብር ነው። የሰፈሩ ቤት ርካሽ ከሆነ የትምህርት ቤቱ ካዝና ባዶ ይሆናል።

በ1973 የሳን አንቶኒዮ ወላጆች ይህን ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት። አምስት ለአራት ተሸነፉ። የትምህርት ቤት ገንዘብ በእኩል ይከፋፈል የሚል መብት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ውስጥ የለም ተባሉ። በዓመቱ፣ በ1974፣ የዲትሮይት ጉዳይ መጣ። ነጮቹ ቤተሰቦች ከከተማው ወጥተው ዳር ዳር ሰፍረዋል። ጥያቄው የዳር ከተሞቹ ትምህርት ቤቶች የመፍትሔው አካል ይሁኑ ወይ የሚል ነበር። አሁንም አምስት ለአራት፣ አይሆንም ተባለ። እንግዲህ አስቡት። ልጆችን በቀለም መለየት ክልክል ነው። የከተማ ወሰን ሲለያቸው ግን ማንም አይጠየቅም። በ2007 የሲያትል ትምህርት ቤቶች በራሳቸው ፈቃድ ልጆችን ለመቀላቀል ያወጡት አሠራር እንኳ በዚያው ፍርድ ቤት ወደቀ።

70 ዓመት ሙሉ ክፍት የቆየ በር እኔ አላየሁም።

ሁለተኛው ነጥባቸው ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ግማሹን እቀበላቸዋለሁ። ዲሲ ለአንድ ተማሪ ብዙ ከሚያወጡት ተርታ ውስጥ ነች። የጥቁርና የነጭ ተማሪዎች ውጤት ልዩነትም ዛሬ ድረስ ሰፊ ነው፤ መደበቅ አያስፈልግም። «ለውጥ የለም» የሚለው ግን ሐሰት ነው። በመላ አገሪቱ በሚሰጠው ፈተና የዲሲ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የሒሳብ አማካይ ውጤት በ2003 205 ነበር። በ2019 235 ደረሰ። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ሀብታም ቤተሰቦች ወደ ከተማው ስለገቡ የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። የቀረው ግን የልጆቹና የመምህራኑ ላብ ነው።

ዲሲን ለቀቅ አድርገን አገሩን ስናይ ሥዕሉ ይገለበጣል። ኤድቢልድ የተባለ የትምህርት ገንዘብ አጥኚ ድርጅት በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ ነጭ ተማሪዎች የሚበዙባቸው የትምህርት ወረዳዎች ነጭ ያልሆኑት ከሚበዙባቸው 23 ቢሊዮን ዶላር የበለጠ በዓመት ያገኛሉ። የተማሪው ቁጥር በሁለቱም በኩል ተቀራራቢ ሆኖ ነው። ታዲያ ጎርፉ የፈሰሰው ወዴት ነው?

ገንዘብ ምን ያደርጋል ለሚለውም መልስ አለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቴነሲ ውስጥ ሕፃናትን በዕጣ ከፋፍለው ሞከሩት። ገሚሶቹ ከ13 እስከ 17 ልጆች ያሉበት ክፍል ገቡ፣ ሌሎቹ ከ22 እስከ 25 ያሉበት። በትንሹ ክፍል የተማሩት በለጡ። ከሁሉም የበለጠ የተጠቀሙት ጥቁር ልጆች ነበሩ። ትንሽ ክፍል ማለት ተጨማሪ መምህር ማለት ነው። ተጨማሪ መምህር ደሞዝ ይፈልጋል።

ደግሞ እኛው ራሳችንን እንጠይቅ። ዲሲ ከ2008ቱ ሕግ ወዲህ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆችን በነፃ ታስተምራለች። ስንቶቻችን ነን ልጃችንን በሦስት ዓመቱ አስገብተን፣ ለሞግዚት የምንከፍለው ተርፎልን ሥራ የሄድነው? እኔ አንዷ ነኝ። ከንቱ ገንዘብ የተባለው ውስጥ ይሄም አለበት።

አንድ ያየሁትን ልጨምር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ትምህርት ቤት ለማስተርጎም ሄድኩ። አንደኛው በከተማው ምዕራብ፣ ከፓርኩ ማዶ ነው። የወላጆች ማኅበሩ የጨረታ ምሽት ስለማዘጋጀት ይነጋገራል። የባሕር ዳር ቤት ለአንድ ሳምንት ለጨረታ የሚያቀርቡ ወላጆች አሉ። በሚሰበሰበው ገንዘብ ረዳት መምህርና የሙዚቃ መምህር ይቀጠራል። ሁለተኛው ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ነው። እናቶቹ ኬክ ጋግረው አምጥተዋል። አንዲት እናት የሆስፒታል ጽዳት ልብሷን ሳትቀይር ነው የመጣችው። የሚሰበስቡት ለክፍሉ የፕሪንተር ቀለም ለመግዛት ነበር። አንድ ከተማ፣ አንድ በጀት ነው ተብሎ ይነገረናል። ወላጆቹ ከኪሳቸው የሚጨምሩት ግን በማንም በጀት ላይ አይታይም።

ስለ ቅጣት የጻፉት ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል። «የሚታገዱት ስለሚያጠፉ ነው» አሉ፤ አለቀ። ያልተነካ ግልግል ያውቃል ይባል የለ?

የፌዴራሉ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2018 አንድ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። በ2013-14 የትምህርት ዘመን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ውስጥ ጥቁሮቹ 15.5 በመቶ ነበሩ። ከትምህርት ከታገዱት ውስጥ ግን 39 በመቶ። ድህነት ነው እንዳይባል፣ በሀብታምም በድሃም ሰፈር ትምህርት ቤቶች ልዩነቱ ታይቷል። ጥፋታቸው ስለበዛ ይሆን? የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ይህንን በ2015 ባወጡት ሙከራ ፈትሸዋል። ለመምህራን የአንድ ተማሪ መዝገብ ሰጧቸው። ልጁ ሁለት ጊዜ ቀላል ጥፋት አጥፍቷል። አንዳንዱ መዝገብ ላይ የተጻፈው ጥቁሮች የሚጠሩበት ስም ነው፣ አንዳንዱ ላይ የነጭ። ጥፋቱ ቃል በቃል አንድ ነው። በመጀመሪያው ጥፋት ላይ ልዩነት አልታየም። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ጥቁሩን ልጅ «ይሄ አስቸጋሪ ነው፣ ጠንከር ያለ ቅጣት ይገባዋል» ወደማለት አዘነበሉ። በ2016 ደግሞ የዬል ተመራማሪዎች የሕፃናት መምህራንን ቪዲዮ እያሳዩ፣ ረባሽ ልጅ ፈልጉ ብለው ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ ለኩ። ቪዲዮው ላይ የረበሸ ልጅ አልነበረም። ዓይናቸው ግን ጥቁሩ ወንድ ልጅ ላይ ይመላለስ ነበር። አራት ዓመት የሞላው ልጅ ላይ!

ወንድሜ፣ የእኛ ልጆች ከዚህ ዓይን ያመልጣሉ ብለው ያስባሉ? አንድ ቀን ለአንዲት እናት ላስተረጉም ተጠራሁ። ልጇ ሰባት ዓመቱ ነው። ወረቀቱ ላይ «እምቢተኛ፣ ሲናገሩት የማይሰማ» ተብሎ ተጽፏል። ምን እንዳደረገ ስንጠይቅ፣ መምህሯ ስትቆጣው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፣ ዓይን ዓይኗን አላያትም። እናቱ ግራ ገብቷት አየችኝ። «ታዲያ ትልቅ ሰው ሲቆጣው ዓይኑን አፍጦ ሊያይ ነው እንዴ?» አለችኝ። ቤት ውስጥ ጨዋነት ብላ ያስተማረችው እዚያ ጥፋት ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። ነገሩ በንግግር ተፈታ፤ ወረቀቱም ተቀደደ። አስተርጓሚ ባይኖርስ? ያ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ከልጁ ጋር እስከ ሃይ ስኩል ይሄድ ነበር።

ዲሲ በ2018 ቀላል ለሆነ ጥፋት ልጅን ከትምህርት ማገድን የሚገድብ ሕግ ያወጣችው ለዚህ ነው። ጸሐፊው ሕጉን «ልጅ ማባለግ» ብለውታል። ቤት የተላከ ልጅ ያን ቀን ምን ይማራል? የምትጠብቀው እናት ሥራ ላይ ናት። እሱ መንገድ ላይ ይውላል።

አሁን ወደ ትልቁ ነጥባቸው ልምጣ። «ጥቁር አሜሪካውያን ለትምህርት ደንታ የላቸውም።»

ይህን ያነበብኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው ዓይኔን ማመን ስላቃተኝ። በዚህ አገር ሰው በባርነት ሳለ ፊደል መቁጠር የተከለከለበት ዘመን ነበር። በ1830ዎቹ በደቡብ ያሉ ግዛቶች ባሪያን ማንበብ ማስተማር ወንጀል ነው ብለው ሕግ ጽፈዋል። ሰዎቹ ግን ማታ ማታ ተደብቀው ይማሩ ነበር። ፊደል ለመቁጠር ጀርባውን ለግርፋት የሰጠን ሕዝብ ደንታ የለውም እንዴት ይባላል?

ነፃ ከወጡ በኋላስ ምን አደረጉ? ጥቁሩ የትምህርት ሰው ቡከር ቲ ዋሽንግተንና ጁሊየስ ሮዘንዋልድ የተባለው ባለሀብት በጀመሩት ሥራ ከ1912 እስከ 1932 በደቡብ ገጠሮች 5 ሺህ ያህል የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። ባለሀብቱ ሁሉንም አልከፈለም። የየአካባቢው ጥቁር ገበሬ የድርሻውን ያዋጣ ነበር። ገንዘብ የሌለው መሬት ሰጠ፣ እንጨት ፈለጠ፣ ጉልበቱን ሰጠ። ግብር ለመንግሥት ከፍሎ፣ መንግሥት ለልጁ ትምህርት ቤት አልሠራ ሲለው፣ በድጋሚ ከኪሱ አውጥቶ ሠራ። በእኛ አገር ገጠር ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ ትምህርት ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል።

እዚሁ ዲሲ ውስጥም ደንባር የሚባለው ሃይ ስኩል አለ። በ1870 ተጀመረ። በአገሪቱ ለጥቁሮች የተከፈተ የመጀመሪያው የመንግሥት ሃይ ስኩል ነው። በመለያየቱ ዘመን ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ምሁር አንቀጥርም ሲሉ ዶክትሬት የያዙ መምህራን እዚያ ገብተው ያስተምሩ ነበር። ደም ባንክን በዓለም ደረጃ ያሻሻለው ዶክተር ቻርልስ ድሩ የወጣው ከዚያ ነው።

«የእኛ ልጆችስ?» ይላሉ ጸሐፊው። እስቲ በሐቅ እንነጋገር። ዲቪ ለመሙላት ቢያንስ ሃይ ስኩል መጨረስ ወይም ሙያ መያዝ ያስፈልጋል። በትምህርት የመጣው፣ በሥራ የመጣው፣ ብዙዎቻችን ተጣርተን ነው የመጣነው። ከአንድ መንደር ሺህ ሰው አመልክቶ የተመረጡትን ጥቂቶች፣ ማንም ሳይመርጣቸው እዚህ ከተወለዱ ሰዎች ጋር ማወዳደር ልክ አይደለም። አገር ቤት የቀሩትን የእኛኑ ዘመዶች ጨምረን ብናወዳድርስ?

ደግሞ ሁሉም የሐበሻ ልጅ ጎበዝ ነው ያለው ማነው? ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቋረጡ ልጆችን አውቃለሁ። እናቶቻቸው አፍረው ቤተ ክርስቲያን መምጣት ትተዋል። «የእኛ ልጆች ጎበዞች ናቸው» እያልን በተናገርን ቁጥር እነዚያን እናቶች ይበልጥ ወደ ቤታቸው እየዘጋንባቸው ነው። ስለ እነሱ ሳስብ አንጀቴ ይንሰፈሰፋል።

መስፈርት ወርዷል ወይ? የራሴን ልንገራችሁ።

ልጄ ከትንሽነቱ ሒሳብ ይወዳል። መኪና ውስጥ ተቀምጦ የታርጋ ቁጥር ሲደምር ነው ያደገው። አምስተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ለሚድል ስኩል ከፍ ያለው የሒሳብ ክፍል ተማሪዎች ተመረጡ። እሱ አልተመረጠም። መምህሩን ጠየቅኩ። «በጣም ጨዋ ልጅ ነው፣ እዚያ ገብቶ እንዳይጨነቅ ብለን ነው» አለኝ በፈገግታ። አመስግኜ ወጣሁ። መምህር ያለው አለ ነው እኛ ዘንድ። ልጄ ግን ማታ እራት አልበላም። «እነሱ ከእኔ ይበልጣሉ ማለት ነው?» አለኝ። ጓደኛው፣ አብረው የሚያጠኑት ነጩ ልጅ፣ ገብቷል።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። 28 ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ፊቴን ሲያዩ «ምን ሆነሻል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ስንት አገኘ? መግቢያውስ ስንት ነው? ሁለቱንም በጽሑፍ ስጡኝ በያቸው» አሉ። ስልኬን አውጥቼ ኢሜይሉን እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። የልጄ ውጤት ከመግቢያው በላይ ነበር። «ስህተት ተፈጥሯል» ተባለና ገባ። ጎረቤቴ ግን በዚያ አላበቁም። በዚያው ዓመት ያልተመረጡ ሌሎች ሁለት ጥቁር ልጆች ነበሩ። እናቶቻቸውን ፈልገው ያንኑ ኢሜይል አስጻፏቸው። አንደኛው ልጅም ገባ።

ማንም መስፈርት አላወረደም። መስፈርቱ እዚያው ነበር። ያልነበረው ልጁን በመስፈርቱ የሚያይ ዓይን ነው። የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፍሎሪዳ ውስጥ ብሮዋርድ በሚባለው ትልቅ የትምህርት ወረዳ፣ ጊፍትድ ለሚባለው የላቀ ችሎታ ያላቸው ልጆች ክፍል ተማሪዎችን የሚጠቁሙት መምህራንና ወላጆች ነበሩ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ጥቆማውን ትተው ሁሉንም የሁለተኛ ክፍል ልጆች መፈተን ጀመሩ። የሚያልፉት የጥቁርና የድሃ ልጆች ቁጥር በብዙ ጨመረ። እነዚያ ልጆች በፊትም ጎበዞች ነበሩ፤ የጠቆማቸው ሰው ነው ያልነበረው። ወረዳው ገንዘብ አጥሮት ያን አሠራር ሲቀንስ ቁጥሩ ተመልሶ ወረደ።

ጸሐፊው «መምህር በቀለም አይመረጥም» ያሉትም አለ። መምህር በችሎታው ነው የሚመረጠው፤ በዚህ አንጣላም። ግን ጥቁር መምህራን ለምን አነሱ? ከ1954ቱ ውሳኔ በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲዋሃዱ በደቡብና በአጎራባች ግዛቶች ወደ 38 ሺህ የሚገመቱ ጥቁር መምህራንና ርእሰ መምህራን ከሥራ ተባረሩ። ልጆቹ ተቀላቀሉ፣ መምህሮቻቸው ግን ሜዳ ላይ ቀሩ። ውጤቱን የቴነሲ ተማሪዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ያሳያል። እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ቢያንስ አንድ ጥቁር መምህር ያገኘ ጥቁር ልጅ፣ ካላገኘው ይልቅ ሃይ ስኩል የመጨረስ ዕድሉ በ13 በመቶ፣ ኮሌጅ የመግባት ዕድሉ በ19 በመቶ ከፍ ይላል። አንድ መምህር ብቻ!

የቀረችው «ጉዳዩ የእኛ አይደለም» የምትለው ነች።

ከ1965 በፊት የአሜሪካ ሕግ ለኢትዮጵያውያን የሰጠው የመግቢያ ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያን የዘር ኮታ ያፈረሰው የ1965ቱ የስደተኞች ሕግ የወጣው ጥቁር አሜሪካውያን ስለ መብታቸው በውሻ እየተነከሱ፣ በውኃ እየተገፉ ባንቀጠቀጡት አገር ውስጥ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን የተማሩት ወንድሞቻችን የት ተማሩ? ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የጨረሱት ሃዋርድ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያ ስትጮህ ድምፅዋን የሰሙት ኒው ዮርክ ውስጥ ያለው የሃርለም ሰፈር ጥቁሮች ነበሩ። ከሃርለም አዲስ አበባ የገቡት ሚኞን ፎርድ ደግሞ የልዕልት ዘነበወርቅን ትምህርት ቤት መሥርተው የእኛን ልጆች አስተምረዋል። ያኔ «ጉዳዩ የእኛ አይደለም» አላሉም።

ልጆቻችንም ቢሆኑ ክፍል ውስጥ ሲገቡ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ሳጥን አይሞላላቸውም። በ2009 እስራኤል ውስጥ፣ ፔታህ ቲክቫ ላይ፣ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች 100 ያህል የቤተ እስራኤል ልጆችን አንቀበልም ብለው ነበር። እነዚያ ልጆች ኢትዮጵያዊነታቸው አላስጣላቸውም፤ አይሁድነታቸውም አላስጣላቸውም። ቆዳቸው ታየ።

ደግሞ እኛ የምንጠቀምበት ስንቱ ነገር ከዚሁ ትግል የመጣ ነው! በዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ ደብዳቤ በአማርኛ የሚመጣልን፣ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ጠይቀን የምናገኘው ለዚህ ነው። ይህን መብት ከእኩልነቱ ጥያቄ ነጥሎ መውሰድ አይቻልም።

ለጓደኛዬ፣ «እውነታቸውን ነው እኮ» ላልሽኝ፦ ሐሙስ ከሥራ መልስ የልጅሽ ትምህርት ቤት የሚቀጥለውን ዓመት በጀት የሚነጋገሩበት ስብሰባ አለ። ሁለት ረዳት መምህራን ሊቀነሱ ነው የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። አንዷ ልጅሽን ማንበብ ያስተማረችው ናት። ባለፈው ስብሰባ ከሐበሻ ወላጅ ሁለት ብቻ ነበርን። አስተርጓሚ ከፈለግሽ ዛሬውኑ ደውለሽ አስመዝግቢ፤ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። እኔና ጎረቤቴ ቀደም ብለን እንገባለን። ከፊት በስተቀኝ ባለው ረድፍ ወንበር ይዘንልሻል።